አባቴ በራችንን ያንኳኳባቸው ቀናት

ፊልሜ ስድስት ደቂቃ ነው። በስድስቱ ደቂቃ አንዲት ሴት በር አትከፍትም። ታሪኩ ይኸው ነው። ቀረጻው ግን አራት ቀን ፈጀ፤ በአራተኛውም ቀን እናትና አባቴ በገዛ ግቢያቸው፣ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያልተጣሉትን ጠብ እንዲታረቁ ይለመኑ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔው ልናገረው።

ሐርጌሳ የመጣነው አባቴ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የንብረትና የትራንስፖርት ኃላፊ ሆኖ ሲቀጠር ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ድሬዳዋ ስላደግን ሶማሊኛ አላስቸገረንም። እኔን የሚያስቸግረኝ ቋንቋ ሳይሆን ሰው ነው። ሲቪል ምህንድስና ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ሆኖም የቤቱ ስልክ ሲጠራ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ባለሱቋ ሌላ ሰው እያናገረች ካገኘኋት ሳልገዛ እመለሳለሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ በፈቃዴ ከቤት ያወጣኝ ነገር ቢኖር አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የተከፈተው የሴቶች የፊልም ሥልጠና ብቻ ነው። ካሜራ ስይዝ ሰው ካሜራውን እንጂ እኔን አያይም። ይህንን ሳውቅ ደስ አለኝ።

አሠልጣኛችን ለብዙ ዓመት ሠርግ ስትቀርጽ የኖረች የከተማዋ ልጅ ናት። በመጨረሻው ሳምንት እንዲህ አለችን፦

«አሥራ ሁለት ናችሁ። አራታችሁን ይዤ ዘጋቢ ፊልም ልሠራ ነው። የምመርጠው የምታመጡልኝን አጭር ፊልም አይቼ ነው። ልብ የሚያንጠለጥል ይሁን። ቤታችሁ ባለው ነገር፣ በቤተሰቦቻችሁ ሥሩት። ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤት አሳውቁ። ሐሙስ አሥር ሰዓት በሩን እዘጋለሁ።»

ከአራቱ አንዷ ካልሆንኩ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ በአንድ የግንባታ ድርጅት ቢሮ ሥራ አግኝቶልኛል፤ የሌሎች ሰዎችን ንድፍ እያየሁ የብረት መጠን በኮምፒውተር መሙላት ነው። ሥልጠናው ካልሆነልኝ እሄዳለሁ ብዬ ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ። አጎቴም መልሱን እየጠበቀ ነበር።

የፊልሙን ሐሳብ ያገኘሁት ከራሴ ነው። አንድ ቀን ብቻዬን ቤት ሳለሁ በር ተንኳኳ። የከተማችን የግቢ በር ብረት ነው፤ ሰው በቁልፍ ወይም በቀለበቱ ሲመታው መንገዱ ሁሉ ይሰማል። «ማነው?» ማለት አቅቶኝ ከበሩ ጀርባ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ እንደገና አንኳኳ። የጫማው ጫፍ በበሩ ሥር ይታየኛል። በመጨረሻ ሄደ። ለካ ውሃ በቦቴ የሚያመጣልን ሰው ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከጎረቤት በጀሪካን ስንቀዳ ሰነበትን። እህቴ እስካሁን አልማረችኝም። እኔ ግን ያ የጫማ ጫፍ ከዓይኔ አልጠፋም። ሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

የጻፍኩት ይህንን ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ውስጥ አለች። ሻንጣ የያዘ ሰው ያንኳኳል። ድምፅ አያሰማም። አትከፍትም። ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ስትከፍት ሻንጣው ብቻ መንገዱ መካከል ቆሟል፤ ሰው የለም። ይህን ሁሉ እንደ ቤት ንድፍ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሥዕል በሥዕል አሰፈርኩት። ቀረጻው በቀትር እንዲሆን ወሰንኩ። ለጨለማ መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት የለኝም። ደግሞም በሰፈራችን በኮድቡር ከቀትሩ ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ጨለማ አይፈልግም። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይጠፋል፣ ፍየሎቹ የአጥር ጥላ ላይ ተለጥፈው ይተኛሉ፤ ነጭ መንገድ ብቻ ይቀራል። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው በእርግጥ ያስፈራል።

ሴትዮዋ እናቴ ሆነች፤ ሰውዬው አባቴ። እህቴ ማይክሮፎኑን በመወልወያ እንጨት ጫፍ በፕላስተር አሥራ ትይዛለች፤ ከፋርማሲ ሥራዋ ለምሳ የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው። የምንቀርጸው በእሷ ስልክ ነበር፤ ከቤታችን ስልኮች ጥሩ ካሜራ ያለው እሱ ነው።

አባቴ ሥራ ይወዳል። ወረቀቱን በመነጽሩ አንድ በአንድ አነበበው።

«ይህ ሰውዬ ለምንድን ነው የማይናገረው?»

«አይታወቅም፣ አባ።»

«እሱ ራሱስ ያውቃል?»

«እሱ ያውቃል።»

«እንግዲያው ለእኔ ንገሪኛ! ሳላውቅ እንዴት ዝም እላለሁ?» አለ። «ሻንጣው ውስጥስ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«አይሆንም። ባዶ ሻንጣ ክንድ ላይ ያስታውቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ» ብሎ ገባና ሁለት ኮት፣ ሙሉ ልብሱን፣ ሸሚዞቹንና የበዓል ጫማውን አጭቆበት ወጣ።

«ጎረቤት አሳውቀሻል?» አለችኝ እህቴ።

«አዎ» አልኳት።

ውሸት ነው ማለት ይከብደኛል፤ ሞክሬ ነበር። ከፊት ለፊታችን ወዳለው ሱቅ ሄጃለሁ። ባለሱቋን ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ነው የሚላት፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። «ሳሙና» አልኩ። ሳሙና ይዤ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሄድኩ፤ ክብሪት ገዛሁ። ሦስተኛ መሄድ አሳፈረኝና ተውኩት። ከውጪ ያለውን ደግሞ ሰው እንዳያየኝ ከጣሪያችን ላይ፣ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ተደብቄ ልቀርጸው ወሰንኩ። ማንም ካልተረበሸ ማሳወቁ ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰኞ የመጀመሪያው ችግር እናቴ ሆነች። አባቴ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እናቴ በሥዕሉ እንዳለው ቀስ ብላ ወደ በሩ ተጠጋች፣ ቆመች፣ ከዚያ መወርወሪያውን ስባ ከፈተችው።

«እማ! አትክፈቺ ተባብለን!»

«ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ!»

«እኮ እንድትፈሪው ነው!»

«ምኑን ነው የምፈራው? ላቡን አታዪም?»

«ላቤን ተዪልኝ፣ ለሥራው ጥሩ ነው» አለ አባቴ ከውጪ።

ሁለተኛው ላይም ከፈተች። በሦስተኛው እጇን ይዛ ቆየችና «ማነው?» አለች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሃያ ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናት፤ ዝም ማለትም ሰው ደጅ ማቆምም አልለመደችም። እህቴ ሳቋ ሲመጣ መወልወያው እየተንቀጠቀጠ ማይክሮፎኑ በፍሬሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። እንደ ምንም በስድስተኛው ተሳካ።

አባቴ ግን ፍጹም ተዋናይ ሆኖ ተገኘ። ጣሪያው ላይ ሆኜ አየው ነበር። ሻንጣውን አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያንን ብረት እያየ ይቆማል። ኤዶ ከሱቋ ወጥታ በብርጭቆ ውሃ አመጣችለት። ጠጣ፤ ቃል ግን አልተነፈሰም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገናትና ወደ በሩ ዞረ።

«ምነው ዝም አልካት?» አለችው እናቴ ኋላ ሲነግረን።

«ድምፅ እየተቀረጸ አይደል እንዴ? ደግሞስ ሰውዬው አይናገርም ተብያለሁ።»

ማክሰኞ እናቴ ሥራው ገባት፤ ገባትና ከልክ አለፈች። አባቴ ሲያንኳኳ በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር፣ ክፍል ውስጥ ስታስተምር በነበረው ድምፅዋ፣ «አልከፍትም! አልኩ አልከፍትም! ሂድ!» ብላ ጮኸች። ፀጉሬ ቆመ። በጣም ጥሩ ነበር። እንደገና አስደገምኳት፤ ከዚያም አንዴ፣ ለድምፁ ጥራት። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እንደሚያዳምጥ ለአፍታ እንኳ አልታሰበኝም። የዚህ ከተማ ብዙ ሰው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ተሰዶ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል፤ ያቺን ያህል አማርኛ አያጣም።

በዚያው ቀን አንድ ጎረቤት ከመስጊድ ሲመለስ አባቴ ዘንድ ቆመ። ትከሻውን ይዞ ለረጅም ጊዜ «ሰብር፣ ሰብር» አለው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀለት።

«ይህ ሰፈር ጥበብ ያከብራል» አለን ምሳ ላይ። «ትዕግሥት ያስፈልግሃል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትወና ትዕግሥት ነው።»

ረቡዕ ቀረጻው መካከል የእህቴ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ያም አለፈ። ከሰዓት በኋላ ኤዶ ራሷ በሳህን ሃልዋ ይዛ እናቴ ዘንድ መጣች። አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትሄድ እናቴ ግራ ተጋብታ ወደ እኛ መጣች።

«መስኪን! ባሏ በወጣትነቱ ምን ያህል እንዳሳዘናት፣ እሷ ግን ለልጆቿ ብላ እንዴት ይቅር እንዳለችው ስትነግረኝ ዋለች። ‹ወንድ ልጅ ያጠፋል፤ በር መዝጋት ግን ሰፈር ያሳዝናል› ትለኛለች። ለምን ለእኔ እንደነገረችኝ እንጃ።»

«ፊትሽ ጥሩ ስለሆነ ነው፣ እማ» አለች እህቴ።

አሁን ሳስበው ሁላችንም እንዴት እንዳልገባን ይገርመኛል። የሰፈራችን ሰው ባልና ሚስት መካከል ያለውን ነገር አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ምን ሆናችሁ ሳይል ያያል፣ ያዝናል፣ ሰው ያሰባስባል። እኛም ካልጠየቁን አናወራም። እነሱ የሚያዩት ደግሞ ይህ ነው፦ የተከበረ ሰው፣ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ ሦስት ቀን በቀትር ፀሐይ የገዛ በሩን ያንኳኳል። ሚስቱ አልከፍትም ትላለች። እሱ ከሐፍረቱ ብዛት መናገር ተስኖታል።

ሐሙስ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው፣ በሩ የሚከፈትበት። አባቴ ከቢሮ አንድ ሰዓት አስፈቅዷል። እኔ ከእናቴ ጀርባ ሆኜ፣ ስልኩን በትከሻዋ በኩል ወደ በሩ አነጣጥሬ ቆምኩ። እህቴ መወልወያዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ አባቴ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ሻንጣውን ትቶ ከማዕዘኑ ጀርባ ይደበቃል፣ እናቴ ትከፍታለች፣ ባዶ መንገድ።

ቀረጻውን ጀመርኩ። ማንኳኳቱ ከወትሮው ቆየ። ከዚያ ተንኳኳ፤ በቀስታ፣ በእንጨት የሚመታ ዓይነት። አባቴ አዲስ ነገር አመጣ ብዬ ተደሰትኩ። እናቴ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቆመች፤ ሌላ እርምጃ ሄደች። መወርወሪያውን ሳበች። በሩ ወደ ውስጥ ዞረ።

አምስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዳቸውም አይናገሩም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ፣ ሁለቱ ጢማቸውን በሂና አቅልተው፣ አምስቱም እናቴን ያያሉ። መካከለኛው የአባቴን ሻንጣ ይዟል። ከስልኩ መስታወት ላይ የማየው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እጄ ግን መቅረጹን አላቆመም። የእናቴ ትከሻ መጀመሪያ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ልማዷ ቀደማትና በሩን እስከ ግድግዳው ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግቡ፣ ግቡ! ምን ፀሐይ ላይ ያቆማችኋል?»

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሻንጣ የያዘው፤ ቀጥሎም በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ባልሽን ይዘንልሽ መጥተናል።»

አባቴ ከኋላቸው ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ያለውን በቃል ልገልጸው አልችልም።

«ፊልም ነው አልኳቸው» አለን ወደ ውስጥ ሲገባ በሹክሹክታ። «‹ሰው ሲያፍር ስንቱን ይላል› ብለው ሻንጣዬን ወሰዱብኝ። አንሥተው መዘኑትኮ!»

ገቡ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተቀመጡ። እናትና አባቴንም ፊት ለፊታቸው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ጊዜው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት ፋቲሃ ተጀመረ፤ በጸሎት መካከል ማን ይናገራል? ጸሎቱ ሲያልቅ ሻንጣ የያዘው፣ ብዙ ዘመን በጅግጅጋና በድሬዳዋ መካከል የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው ሽማግሌ፣ ስለ ትዳር መናገር ጀመረ። ጥሩ ይናገራል። እናቴ ሳታስበው እየነቀነቀች ታዳምጠው ነበር። እህቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች፤ ሳቋን በትራስ ሳይሆን አይቀርም ያፈነችው።

አባቴ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ፣ «አባቶቼ፣ ጥፋት የለም። ልጄ ታስረዳችኋለች» አለ።

አምስት ጥንድ ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ። ስልኩ አሁንም እጄ ላይ ነው። ማንም ካሜራውን አያይም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

«አዴር» አልኩ። አጎቴ ማለት ነው፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ጮክ በይ፣ ልጄ» አለ ሾፌሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

«አዴር፣ አልተጣሉም። የሥልጠና ፊልም እየሠራሁ ነው። አባቴ የሚያንኳኳው እኔ አንኳኳ ስላልኩት ነው። እናቴ የማትከፍተው እኔ አትክፈቺ ስላልኳት ነው። ሰፈሩን እንዳሳውቅ ታዝዤ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

አምስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አለ ሾፌሩ።

«ዛሬን ጨምሮ አራት።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል ፊልሙ?»

«ስድስት ደቂቃ።»

ሾፌሩ መጀመሪያ ከዘራውን ወደ ጎን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱ ብቻ አልሳቀም። የኤዶ አጎት ነው፤ ስትጠራው አያሃ ከሚባል ሰፈር በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ፣ ጢሙ እንደ ጡብ የቀላ ሰው።

«ምሳዬን ትቼ ነው የመጣሁት» አለ በሶማሊኛ። «ማስረጃው የታል?»

ማስረጃዬ እጄ ላይ ነበር። ከጎናቸው ተንበርክኬ የቅድሙን ቀረጻ ከፈትኩላቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናቴ በሩን ስትከፍት፣ አምስቱ በብርሃኑ ውስጥ ቆመው ሲያዩ፣ እነሱም ራሳቸውን አዩ፤ ሳቁ ቆመ።

«ሱብሃነላህ» አለ ሾፌሩ። «እንዲህ እናስፈራለን እንዴ?»

ያኔ ነው እኔም ያየሁት። በካሬ ወረቀቴ ላይ ከሣልኩት ከባዶው መንገድ ይልቅ ይህ አሥር እጅ ይበልጣል። ባዶውን መንገድ ደግሜ ልቅረጽ ብል አባቴ ቢሮ መመለሻው ደርሷል፤ ጊዜው ስምንት ሊሆን ነው፣ ገና አልቆረጥኩም፣ አልገጣጠምኩም። ግን የሰውን ፊት ሳያስፈቅዱ መውሰድ አይሆንም። ሌላ ሰው ይጠይቅልኝ እንደሆን ብዬ አባቴን አየሁት። እሱ ሻዩን እያየ ነበር፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

«አዴሮቼ» አልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብዬ። «ይህን በፊልሜ መጨረሻ እንዳስገባው ፍቀዱልኝ። እስከ አሥር ሰዓት ካላደረስኩ ዕድሌ ያልፋል።»

ለሽማግሌ የቀረበ ነገር አዎ ወይም አይሆንም ተብሎ አይመለስም። አምስቱም በተራ መናገር አለባቸው። የመጀመሪያው ስለ ወጣቶች ተናገረ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አመስግኖ ስለ ራሱ ልጆች ተናገረ። ሦስተኛው ሻይ እስኪጨመርለት ጠበቀ። ፈቃደኞች መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ግን ማንም ማንንም አያቋርጥም። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ያን ጊዜ የነበረውን የልቤን ምት ብቀርጸው ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ ያንጠለጥል ነበር። ሾፌሩ ለራሱ አጭር ንግግር አደረገ፤ አላህ ይስጠው። የቀረው ባለ ቀዩ ጢም ነው።

«እኔ ለእርቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ሰው ይህን ሲያይ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ሴት ሊያስፈራሩ መጡ ይላል። ቀጥሎ ምን አደረገች? ያንን አሳዪኝ።»

አሳየሁት። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ስትከፍት፣ ግቡ፣ ግቡ ስትል።

«ይህ በፊልምሽ ውስጥ አለ?»

«የለም፣ አዴር። ፊታችሁ ላይ እቆርጠዋለሁ።»

«አትቁረጪው።»

ልብ የሚያንጠለጥል ፊልም ፊታቸው ላይ ነው ማለቅ ያለበት፤ ይህን ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሴትዮዋ እንግዶቹን ፀሐይ ነው ብላ ካስገባች ፍርሃቱ የት ይሄዳል? የአጎቴ ቢሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ግን ሰውዬው ያለው እውነት ነው። የመጡት ለእርቅ ነው፤ እናቴም በእርግጥ አስገብታቸዋለች።

«አልቆርጠውም» አልኩ።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«ቢስሚላህ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሻዩን አነሣ።

እነሱ ግቢ ውስጥ ሻይ እየጠጡ፣ ለአባቴ ሻንጣውን እያስረከቡት፣ እናቴ ምሳ ብሉ እያለች ስትሟገት፣ እኔና እህቴ ክፍላችን ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ተደፋን። ፊቶቹ ላይ ስደርስ እህቴ እጄን ያዘችው።

«እዚህ ላይ አቁሚው። ሰው ይንቀጠቀጣል።»

«ምያለሁ።»

«ማን ያየዋል? ሥልጠናው ቦታ ይመጣሉ እንዴ? አቦ፣ አዲስ አበባ ልትሄጂ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ቁረጪ!»

እጇን አነሣሁት። እናቴ «ግቡ» እስክትል፣ ባለ ቀዩ ጢም ጎንበስ ብሎ ደፉን እስኪሻገር ጠበቅኩ፤ ያን ጊዜ ቆረጥኩ። እህቴ ተኮሳትራ ሻሿን አስተካከለች፤ ሆኖም ባጃጅ ልትጠራ የሮጠችው እሷ ናት። አሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ፍላሹን አሠልጣኛችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃው ተጋርዶ የአሥራ ሁለታችንም ፊልም ታየ። የእኔ ስምንተኛ ነበር። ወንበሬን በር አጠገብ አድርጌ፣ ፊልሙን ሳይሆን ተመልካቾቹን አየሁ። አባቴ ሲያንኳኳ አንዷ ከንፈሯን ነከሰች። እናቴ «አልከፍትም!» ስትል ክፍሉ ሁሉ ወደ ኋላ ተለጠፈ። አምስቱ ሽማግሌዎች ሲታዩ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ የጓደኛዋን እጅጌ ጨመደደች። ከዚያ «ግቡ፣ ግቡ! ምን ፀሐይ ላይ ያቆማችኋል?» ተባለ። አማርኛ የማያውቁትም ከእጇ አኳኋን ገባቸው። ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። ፈርተው የያዙት ትንፋሽ ነው አብሮ የወጣው።

አሠልጣኛችን መብራቱን አበራችና ወደ እኔ ዞረች።

«ፊቶቹ ላይ ለምን አላቆምሽም?»

«ቃል ሰጥቼ ነው።»

«ለማን?»

«ለሽማግሌዎቹ። እውነተኛ ናቸው። እናትና አባቴን ሊያስታርቁ ነው የመጡት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን፣ ሃልዋውን፣ ፋቲሃውን። ሲስቁ ቆም እያልኩ፣ ሲጨርሱ እየቀጠልኩ ነገርኳቸው።

«እኔ ብሆን ፊቶቹ ላይ አቆመው ነበር» አለች አሠልጣኛችን መጨረሻ ላይ። «ግን እኔ ብሆን ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ማስፈቀዴን እጠራጠራለሁ። ለዘጋቢ ፊልም ደግሞ የምፈልገው የሚያስፈቅድ ሰው ነው።»

ከሰዓት በኋላ አራቱ ስሞች ተነበቡ። የእኔ የመጨረሻው ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ ልብሱን ከሻንጣው አውጥቶ እየሰቀለ አገኘሁት። ነገርኩት። አቀፈኝና ሸሚዙ ከነመስቀያው መካከላችን ተጨማደደ።

«ለአጎቴ ትደውልልኛለህ?» አልኩት።

«እኔ ምን ብዬ?» አለና ስልኩን ሰጠኝ። «የምትሠሪውን የምታውቂው አንቺ።»

ደወልኩ። አጎቴ ወዲያው አነሣው። ቢሮው እየጠበቀኝ እንደሆነ፣ ጠረጴዛዬ መስኮት አጠገብ እንደሆነ ነገረኝ። አመሰገንኩትና እንደማልመጣ ነገርኩት።

«ይሁን። ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ልብስ መስቀሉን ትቶ ያዳምጠኝ ጀመር፤ እናቴም ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጊዜ አለህ አጎቴ?» አልኩት። «ትንሽ ይረዝማል።»